ከልጅሽ ማረጋገጫ አምጪ

ሰዎች ስለ ቤት ብድር ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። አንዱ «ማጣራት የሚባለው ድሃን ለማጉላላት ነው» ይላል። ሌላው «ሳይጣራ የተሰጠ ብድር የስንቱን ቤት አሸጠ» ይለዋል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ነገር ግን በማጣራት ደንብ ተከልዬ በአንዲት ሴት ላይ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስሞቹን ለውጬ አሁን እጽፈዋለሁ።

የምኖረው ሆሳዕና ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እስከ ጡረታ ሠርቻለሁ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቼም ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። ጡረታ እንደወጣሁ የሰፈራችን የቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ። የመረጡኝ ስለማልስቅ ይመስለኛል። የሰው ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ፊቱ ቶሎ ባይፈታ ይመረጣል።

ቀድሞ በማኅበራችን የቤት ካርታ ያለው ሁሉ ካርታውን አስይዞ ይበደር ነበር። ከምን ገቢ እንደሚከፍል የሚጠይቅ አልነበረም። ኋላ አንድ አባላችን መክፈል አቅቶት ቤቱ ተሸጠና ከነልጆቹ ወደ ኪራይ ቤት ገባ። እኛው አበድረነው እኛው ከቤቱ አስወጣነው። ከዚያ በኋላ በጠቅላላ ጉባኤ ደንብ አወጣን። ካርታ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት ተበዳሪው ቤት ድረስ ሄደው ገቢውን ያያሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ መክፈል መቻሉን ሳያረጋግጡ አይፈርሙም። ስለዚህ ደንብ አጥብቄ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ።

ታደለች የማኅበሩ አባል ናት። ገበያ ውስጥ ቆጮ ትሸጣለች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ታንሳለች፣ እሷም ባሏ ሞቶባታል። አንድ ልጇ በረከት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። በሚልከው ገንዘብ የብሎኬት ቤት አስጀምራ ግድግዳውን እላይ አድርሳለች። ጣሪያው ቀርቷል። ለቆርቆሮውና ለበርና መስኮቱ፣ ካርታዋን አስይዛ ብድር ጠየቀች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአቶ ኤርሱሞ ጋር ልናጣራ ሄድን። አቶ ኤርሱሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኮሚቴ ውስጥ ከእኔ ጋር ነበሩ። ታደለች ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል አዞረችን።

«ይኼ የእኔ ነው። ያኛው ትልቁ የበረከት ነው። ሚስት ይዞ ሲመጣ ጠበበኝ እንዳይል።»

«ሚስት አግኝቷል?» አሏት አቶ ኤርሱሞ።

«እኔ አግኝቼለታለሁ። እሱ ገና አልሰማም።»

ተቀመጥንና ጥያቄያችንን ጀመርን። ወርሃዊ ገቢሽ ምንድን ነው አልኳት።

«ቆጮውን ታውቂዋለሽ፣ እትዬ አስቴር። ከዚያ ደግሞ በረከት አለ።»

አቶ ኤርሱሞ ቀና አሉ። «በረከት ገቢ ነው?»

«ታዲያ ወጪ ነው? ወጪ የነበረውስ እዚህ ሳለ ነው፤ አንድ ድስት ብቻውን ይጨርስ ነበር።»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። እንግዳ ሰው ይገርመው ይሆናል እንጂ በእኛ አገር ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። «በምን ትኖሪያለሽ?» ስትባል «ልጄ ደቡብ አፍሪካ ነው» ያለች እናት፣ ደመወዝ አለኝ እንዳለች ይቆጠርላታል። እኛም በማጣራት ሥራችን እንዲሁ እንቆጥረው ነበር። የባንክ ደረሰኞቿን አሳየችን። በየወሩ ሳያቋርጥ ልኳል። የዚህ ወር ብቻ አልደረሰም ነበር።

«ይዘገያል አንዳንዴ» አለች። «ሱቁ ሲበዛበት።»

ደንቡ ጎረቤት ጠይቁ ስለሚል፣ ስንወጣ አጠገቧ ወደሚኖረው ወደ አቶ ሃንዲሶ ሄድን። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የመጣንበትን ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ። ክንዴን ይዞ ወደ እንሰቱ ጓሮ ወሰደን።

«በረከት የለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የት ሄደ?» አልኩት። ሞኝ ጥያቄ ነበር።

«ሱቁ ውስጥ በጥይት መቱት። እዚያ ያሉት የአገር ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን ሊልኩ ነው። እሷ አልሰማችም። ቅዳሜ ማለዳ መርዶ እንነግራታለን ብለን ተስማምተናል።»

አቶ ኤርሱሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ «ዛሬውኑ ለምን አትነግሯትም?» አልኩ።

«ወንድሟ ከቦኖሻ ሳይመጣ? የጊምቢቹ ዘመዶች ሳይደርሱ? እኔ ብቻዬን ገብቼ ልንገራት? ሰው እንደሌላት ሰው ብቻዋን ትስማ?» እንባው መጣ። «እባካችሁ ካርታውን እንዳትቀበሏት። ዛሬ ቤቱን አስይዛ ቅዳሜ ብትሰማ፣ ልጇንም ቤቷንም አጣች ማለት ነው። ደግሞ ምንም እንዳትነግሯት። ቃል ስጡኝ።»

ቃል ሰጠነው።

አንባቢ ሆይ፣ መርዶ ለምን እንደሚዘገይ ታውቃለህ። ክፉ ወሬ ሰው ላይ የሚወድቀው ደግፎ የሚይዘው ሰው ዙሪያውን ሲቆም ነው። ያንን ሥርዓት አከብረዋለሁ። ባሌ ሲሞት እኔም የሰማሁት በዚያው መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ የያዙኝን እጆች እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

በመንገድ ላይ አቶ ኤርሱሞ «ነገሩ ቀላል ነው» አሉኝ። «ነገ ‹ጥያቄሽ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል› ይበሏት። ሌላ ቃል አይጨምሩ። እስከዚያ ቅዳሜ ይደርሳል።»

«እሺ» አልኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት በማኅበሩ ቢሮ በረንዳ ላይ ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር። ታደለች የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ ካርታዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ወጣሁና የተመከርኩትን ነገርኳት።

«ለምን?» አለች።

«ኮሚቴው ነው የወሰነው።»

«እትዬ አስቴር፣ ቆርቆሮ ሻጩ ቀብድ ተቀብሎኛል። ዝናቡም እየመጣ ነው። የጎደለ ነገር ካለ ንገሪኝና ላሟላ።»

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ጣልቃ ገባ። «ምን ይጎድላል? ልጃቸው ውጭ ያልሄደላቸው ሰዎች ኮሚቴ ሲሆኑ እንዲህ ነው።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ታደለች ዞር አለችበት። «ዝም በል አንተ። እትዬ አስቴር ቅናት የምታውቅ ሴት አይደለችም። ያለ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ጎድሎ ነው።» ከዚያም ወደ እኔ ተመለሰች። «ምን ጎደለ?»

ዝም ብዬ ልገባ እችል ነበር። ቅናተኛ ብባል ምን እሆን ነበር? ግን በዚያ በረንዳ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ በሥርዓት የምሠራ ሴት መሆኔን ማሳየት ፈለግሁ።

«ከልጅሽ ማረጋገጫ አምጪ» አልኳት።

«ምን ዓይነት ማረጋገጫ?»

«እስከ አሁን እንደላከልሽ፣ ወደፊትም እንደሚልክልሽ ራሱ የሚናገርበት። ጽፎም ይሁን ድምፁን ቀርጾ።»

ፊቷ በራ። «ይኼ ነው? ይኼማ ምን ችግር አለው። ዛሬ ማታ በኢሞ ይልክልኛል።» ጎልማሳውን «አየህ?» አለችውና ሄደች።

አቶ ኤርሱሞ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። «እሱ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?» አሉኝ።

«የትም የለም።»

«ታዲያ ለምን አሏት?»

«ልታመጣው ስለማትችል።»

አፌ የተናገረውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከጥያቄ ሁሉ መርጬ፣ የሞተ ልጅ ብቻ ሊመልሰው የሚችለውን ጠይቄያታለሁ።

ሐሙስ ቀን ስንዴ እየለቀምኩ ሳለሁ ታደለች መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ስልኩ እንቢ አለ» አለችኝ። «እዚያም እንደ እኛ መብራት ይጠፋል አሉ። ባትሪው ሞቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ የኔ ቁጥር ሰልችቶታል። በአንቺ ስልክ ሞክሪልኝ።»

ቁጥሩን ከቃሏ እየሰማሁ ነካሁ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስደግፌዋለሁ። በእንግሊዝኛ የሚናገር የሴት ድምፅ መጣ።

«ምን ትላለች?» አለች ታደለች።

«ስልኩ ዝግ ነው ትላለች።»

«ሁልጊዜ እሷ ናት የምታነሳው። ሳይነግረኝ አግብቶ ይሆን?» ብላ ሳቀች። እኔን አየችኝና ሳቋን አቆመች። «ምነው፣ አሞሻል?»

«ራስ ምታት ነው።»

«እኔ ደግሞ በብድር ሳስቸግርሽ። ተኚ በቃ።» ስትወጣ የአጥሬን በር ቀስ ብላ ዘጋችው፤ እንዳልረበሽ ብላ ነው።

ያን ዕለት ለአቶ ሃንዲሶ ደወልኩ። «ቶሎ ንገሯት፣ እየደወለችለት ነው» አልኩት። «ከቅዳሜ በፊት አይሆንም፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ያዢያት» አለኝ። እሱን እወቅሰው ይሆናል ብላችሁ እንዳታስቡ። እሱ የጠየቀኝ ዝም እንድል ብቻ ነው፤ ማረጋገጫ አምጪ በያት አላለኝም። እኔም ወደ ታደለች ሄጄ «ተሳስቻለሁ፣ ማረጋገጫው አያስፈልግም» ብላት መርዶው አይነካም ነበር። ጥያቄው ግን ይቆማል። መንገዱ አጭር ነው። ጫማዬን ሁሉ አድርጌ ነበር። ግን «ለምን ሐሳብሽን ለወጥሽ?» ትለኛለች፣ ፊቴንም ታየዋለች ብዬ ፈራሁ። ጫማዬን አወለቅሁ።

ዓርብ ጠዋት በደጄ ስታልፍ አገኘኋት። ፈጠን ፈጠን ትላለች።

«ጊምቢቹ ልሄድ ነው። አብሮት የሚሠራው የማቴዎስ ቤተ ሰቦች እዚያ ናቸው። የማቴዎስን ቁጥር ይሰጡኛል።»

«ለአንድ ማረጋገጫ ብለሽ ይህን ያህል አትድከሚ» አልኳት።

«አሁንስ ለማረጋገጫው አይደለም» አለችኝ። «ድምፁን መስማት ፈለግሁ።»

ልይዛት እጄን አነሳሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ መለስኩት። ሚኒባሱ እንዳያመልጣት ሮጥ ብላ ሄደች።

ጊምቢቹ የሆነውን ኋላ ራሷ ነግራኛለች። የማቴዎስ እናት ቤት አልነበረችም። ለካስ ለቅዳሜው ለቅሶ ወደ እኛ ለመምጣት ስትሰናዳ ዘመድ ቤት ሄዳለች። ጎረቤት ያለው ባለሱቅ ምንም ስለማያውቅ የማቴዎስን ቁጥር ሰጣት። እዚያው ሱቁ ፊት ለፊት ቆማ ደወለች። ልጁ ወዲያው አነሳ። ማንነቷን ስትነግረው፣ መርዶውን የሰማች መሰለው።

«እማ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። «አስከሬኑን ማክሰኞ እናሳፍረዋለን።»

«የማንን?» አለችው።

ልጁ ሲያለቅስ ሰማችው።

ባለሱቁ ሌላ ሰው እያስተናገደ ነበር። ስልኩን ዘጋች፣ ወደ መናኸሪያው ሄደች፣ ሚኒባስ ውስጥ ከማታውቃቸው ሰዎች መሃል ገብታ ተቀመጠች። አንዲት ሴት ዶሮዋን ያዢልኝ ብላት እስከ ሆሳዕና ይዛላት መጣች። ግራና ቀኟን የያዛት ሰው አልነበረም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ታደለች ናት። ፊቷ ደርቋል። አላለቀሰችም።

«ማረጋገጫውን አመጣሁልሽ» አለችኝ።

በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ አልተቀመጥኩም፣ አልቆምኩምም፤ እንዴት እንደነበርኩ አላውቅም።

«አንቺ ታውቂ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

«ስትደውዪለትም ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ያን ብታደርግ ይሻለኝ ነበር።

«ቅዳሜ ነው አይደል የሚነግሩኝ?» አለች በመጨረሻ። «ሃንዲሶ ግቢውን ሲያጸዳ አይቼው ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ማን ማን ይመጣል?»

ነገርኳት። የባሏን ወንድም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን፣ የጊምቢቹ ዘመዶችን፣ የቦኖሻውን ወንድሟን።

«ወንድሜም ይመጣል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ተያቸው። ከዚያ ድረስ መጥቶ በር ላይ ‹ሰምታለች› አይበሉት። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ታደለች፣ ይቅር...»

«አሁን አይደለም» አለችኝ። ተነሳች። ልደግፋት ክንዷን ብይዝ አስለቀቀችኝ። እስከ ቤቷ ከኋላዋ ተከተልኳት። ገብታ መጥረጊያ አነሳችና ደጇን መጥረግ ጀመረች፤ ነገ ሰው ይመጣል።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ። አቶ ሃንዲሶ በሀዲይኛ ጀመረ። እንደ ወጉ ከሩቅ ተነስቶ፣ ሁሉም ወደ ፈጣሪው እንደሚሄድ እየተናገረ፣ ቀስ እያለ ቀረበ። ታደለች አንገቷን ደፍታ ሰማችው። አላቋረጠችውም። የልጇን ስም ሲጠራ ነው ጮኻ የወደቀችው። ወንድሟ ያዛት፣ ሴቶቹም ያዟት። ለቅሶዋ እውነተኛ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ ብቻዋን ይዛው እንዳደረች የማውቀው ግን በዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። አቶ ሃንዲሶ በለቅሶው መሃል አጠገቤ መጥቶ «ተባረኪ፣ ቃልሽን ጠብቀሻል» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት።

ሰው ሁሉ ካርታዋ ስለተረፈ ኮሚቴውን አመሰገነ። «ደንቡ ቤቷን አዳናት» ይላሉ። እውነት ነው። ያን ብድር ብንሰጣት ኖሮ፣ በቆጮ ብቻ ልትከፍለው አትችልም ነበር። ቤቱ ዛሬም የእሷ ነው።

እናንተ አንባቢዎቼ ምናልባት የባንክ ሠራተኛ ትሆናላችሁ፣ ወይ የማኅበር ኮሚቴ፣ ወይ ካርታችሁን በፌስታል ይዛችሁ በረንዳ ላይ የምትጠብቁ ትሆናላችሁ። አበዳሪ ሳያጣራ አያበድር። በዚህ ላይ የምነግራችሁ አዲስ ነገር የለኝም። ነገር ግን አጣርቶ ማወቅ ሸክም መሆኑን ደንባችንን ስናወጣ አላሰብንበትም። ደንቡ የሰው ቤት ገብተን የሰውን ኑሮ እንድናይ መብት ሰጠን፤ ያየነውን ይዘን ምን እንደምናደርግ ግን ለእያንዳንዳችን ተወው። እኔ በዚያ ክፍተት ውስጥ ውሸት አስገባሁ። «አንሰጥሽም» ማለት ጭካኔ መሰለኝና ከእሱ የባሰውን አደረግሁ። ያልተሰጠው ሰው ሄዶ ሌላ ይሞክራል። በሌለ ምክንያት የተላከ ሰው ግን የት ድረስ እንደሚሄድ የላከው አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የብድር ጥያቄ ውድቅ ሲሆን ምክንያቱን አላስጌጥም። የማልናገረው ምክንያት ሲኖር «ምክንያት አለ፤ ልነግርሽ አልችልም» እላለሁ። ቅናተኛ ይሉኛል፣ ደረቅ ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

ይቅርታ የጠየቅኋት ከለቅሶው በኋላ ነው። «ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ወደ ቤቴ ግን መጥታ አታውቅም።

ባለፈው ጊዜ ለማኅበሩ አዲስ ማመልከቻ አስገባች። ለቆጮ ንግዷ ነው። እኔ ራሴን ከማጣራቱ ላገልል ብዬ ለጸሐፊው ነግሬው ነበር። እሷ ግን «እትዬ አስቴር ካልመጣች ማንም አይምጣብኝ» አለችው። ሄድኩ። ከሌሞ የመጣ ቆጮ እያገላበጠች ነበር። በርጩማ ሰጠችኝና ሥራዋን ቀጠለች። በሳምንት ስንት ትሸጫለሽ፣ በምን ታስጭኛለሽ፣ ዕዳ አለብሽ ወይ እያልኩ አንድ በአንድ ጠየቅኋት፤ አሳጥራ መለሰችልኝ። አስልቼ ስጨርስ እዚያው፣ ዓይኗን እያየሁ ነገርኳት።

«የጠየቅሽውን ያህል ገቢሽ አይችለውም። አይሰጥሽም። ግማሹን ይችላል።»

እጇን አቆመች። «ሌላ የጎደለ አለ?»

«የለም። ይኼው ብቻ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ አየችኝ።

«እሺ፣ ግማሹን ጻፊ» አለችኝና ወደ ቆጮዋ ተመለሰች።